ለአዲሱ ቨርዥን የድሮ ደንበኛን ማስከፈል ነውር ነው?

ጥያቄው፦ «ብቻዬን የምሠራ ዲቨሎፐር ነኝ። የመጋዘን ዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ሠርቼ ለ400 ያህል ድርጅቶች ሸጫለሁ። ክፍያው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ባለፉት አራት ዓመታት አፕዴቱን ሁሉ በነጻ ሰጥቻለሁ። አሁን ቨርዥን 2 ደርሷል። የድሮ ደንበኞቼን ላስከፍል ወይስ ዝም ብዬ ልስጣቸው? ብጠይቃቸው የሚቀየሙኝ ይመስለኛል። ለመጀመሪያዎቹ 40 ገዢዎች ደግሞ ‹የዕድሜ ልክ አፕዴት› ብዬ ነው የሸጥኩላቸው።»

ወንድሜ፣ አስከፍል። ግን የምታስከፍለው ለአዲስ ሥራ ብቻ ይሁን። ቀድሞ በሸጥከው ነገር ውስጥ የተገኘን ስህተት ማረም ያንተ ግዴታ ነው። ለእሱ ገንዘብ አይጠየቅም። ስንት፣ መቼ፣ ከማን የሚሉት ጥያቄዎች ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ከጥያቄህ እንደገባኝ የያዘህ ይሉኝታ ነው። ብዙ ዲቨሎፐሮች ላይ አየዋለሁ። ኮድ ሲጽፍ የሚያነጋ ሰው «ክፈሉኝ» የምትል አንዲት ኢሜይል ለመላክ ወር ይፈጅበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። ሒሳቡ ሲታይ ይሉኝታው ይቀላል።

400 ደንበኛ አለህ። እያንዳንዱ በዓመት ሦስት ጊዜ ብቻ ደውሎ ወይም ጽፎ እርዳታ ይጠይቅህ እንበል። አንዱን ለመመለስ በአማካይ 20 ደቂቃ ይፍጅብህ። በዓመት 400 ሰዓት ይሆናል። በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ሙሉ አሥር ሳምንት ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንዲት መስመር ኮድ አልተጻፈችም፣ አንድ ባግ (የፕሮግራም ስህተት) አልተስተካከለም፣ አንድ አዲስ ደንበኛ አልተፈለገም።

ይህን አሥር ሳምንት የሚከፍልልህ ማነው? አሁን ባለው አሠራርህ የሚከፍለው ዛሬ የሚገዛው አዲስ ደንበኛ ነው። የእሱ ገንዘብ ከአራት ዓመት በፊት ለገዛው ሰው አገልግሎት ይውላል። አዲስ ገዢ እስከመጣ ድረስ ችግሩ አይታይም። ገበያው ሲሞላ ወይም ተወዳዳሪ ሲመጣ ግን አዲስ ገዢ ይቀንሳል፤ የድሮዎቹ ጥያቄ ግን አይቀንስም። እንዲያውም በየወሩ ይጨምራል፣ ምክንያቱም የሸጥከው ሰው ሁሉ ተጠራቅሞ እዚያው አለ። ብዙ ጥሩ ጥሩ ትንንሽ ሶፍትዌሮች የሞቱት እንዲህ ነው። ኮዱ ደህና ነበር፣ ደንበኛውም ይወደው ነበር፤ ሠሪው ግን ከእጅ ወደ አፍ መኖር ሰልችቶት ሌላ ሥራ ተቀጠረ። ያን ጊዜ ትልቁ ተጎጂ ደንበኛው ነው። አራት ዓመት ሙሉ የመዘገበው ዳታ ባለቤት በሌለው ፕሮግራም ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ «ባስከፍላቸው እበድላቸዋለሁ» ከማለትህ በፊት፣ ሳታስከፍላቸው ብትጠፋ ምን እንደሚሆኑ አስብ።

አንድ ነገር እረዳሃለሁ። ሰው ለአፕግሬድ፣ ማለትም ወደ አዲስ ቨርዥን ለመሸጋገር፣ መክፈል እንግዳ እየሆነበት መጥቷል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 ማቬሪክስ የተባለውን የማክ ሲስተም በነጻ ለቀቀ። ማይክሮሶፍት ደግሞ በ2015 ዊንዶውስ 10ን ለዊንዶውስ 7 እና 8.1 ተጠቃሚዎች ለአንድ ዓመት በነጻ እንዲወስዱት አደረገ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አዲስ ቨርዥን በነጻ መምጣት ያለበት ይመስለዋል። ግን አፕል ገንዘቡን የሚያገኘው ከኮምፒውተሩ ሽያጭ ነው። ማይክሮሶፍትም ሌላ ብዙ የገቢ በር አለው። አንተ ያለህ ይቺው አንዲት ሶፍትዌር ናት። በእነሱ ልክ ልራመድ ካልክ ሳትቆይ ትወድቃለህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጥገና የቱ ነው? አዲስ ሥራ የቱ ነው? ሲወራ ቀላል ይመስላል። ቤት ሠርቶ የሸጠ ሰው ጣሪያው ቢያፈስ መጥቶ ይጠግናል፣ ተጨማሪ ክፍል ሥራልኝ ሲባል ግን ዋጋ ይነጋገራል። ሶፍትዌር ላይ ሲመጣ ነገሩ እንዲህ ጥርት ብሎ አይታይም።

ከራስህ ሙያ ምሳሌ ልውሰድ። ሁለት የመጋዘን ሠራተኞች በሁለት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠዋል። ከአንድ ዕቃ 50 ፍሬ አለ። አንዱ 5 ወጪ ይመዘግባል፣ ሌላው በዚያችው ቅጽበት 8 ወጪ ይመዘግባል። ሁለቱም ስክሪን ላይ ቀሪው 50 ተብሎ ተነቧል። የመጀመሪያው 45 ብሎ ሴቭ አደረገ። ሁለተኛው ከራሱ 50 ላይ 8 ቀንሶ 42 ብሎ በላዩ ጻፈበት። ትክክለኛው ቀሪ 37 ነው፤ ሲስተሙ ግን 42 ይላል። አምስት ዕቃ በወረቀት ላይ አለ፣ መደርደሪያው ላይ የለም። ቆጠራ ሲመጣ ጣት የሚቀሰረው ሠራተኛው ላይ ነው።

ይህን ችግር ቨርዥን 2 ላይ የዳታቤዙን አሠራር ቀይረህ ፈትተኸው ይሆናል። ብዙ ለፍተህበትም ይሆናል። ቢሆንም ይህ ጥገና ነው። የመጋዘን ሶፍትዌር ብለህ የሸጥከው ቀሪን በትክክል ሊያሳይ ነው። የቨርዥን 1 ደንበኛ ይህ እንዲስተካከልለት መብቱ ነው። «ቨርዥን 2 ላይ ተስተካክሏል፣ እሱን ግዛ» ማለት ራስህ ለሠራኸው ስህተት ሁለተኛ ጊዜ ገንዘብ መጠየቅ ነው። በዚህ ጉዳይ አቋሜ ጠንካራ ነው። ደንበኛ የሚቀየመው ስላስከፈልከው አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ስታደርግበት ነው።

በሌላ በኩል የባርኮድ ማንበቢያ ጨምረህ ከሆነ፣ ብዙ ቅርንጫፎችን በአንድ ላይ የሚያሳይ ሪፖርት ሠርተህ ከሆነ፣ በስልክ ቆጠራ ማድረግ እንዲቻል አድርገህ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ አዲስ ሥራ ነው። ሰውየው ሲገዛ አልነበረም፣ ቃልም አልተገባለትም። ዋጋ ጠይቅበት።

ዲቨሎፐሮች የሚሳሳቱበት ሌላ ቦታ አለ። «ኮዱን ከሥር ጀምሬ በአዲስ ቋንቋ ጻፍኩት፣ ዓመት ፈጀብኝ፣ ስለዚህ ይከፈለኝ» ይላሉ። ልፋቱ እውነት ነው። ግን ደንበኛው ስክሪኑን ሲያየው ያው የድሮው ከሆነ ምን ገዛ? ከሥር መጻፉ የጠቀመው አንተን ነው፤ ነገ ሥራህን ያቀልልሃል። ደንበኛው የሚከፍለው እሱ ለሚያገኘው ነገር ነው። ስለዚህ ቨርዥን 2ን ስትመዝን የፈጀብህን ሰዓት አትቁጠር። መጋዘኑ ውስጥ የምትሠራው ሴት ሰኞ ጠዋት ስትከፍተው ትናንት የማትችለውን ምን ትችላለች? መልሱ አንድ ሁለት ትንንሽ ነገር ብቻ ከሆነ 1.9 ብለህ በነጻ ልቀቀው።

ቁጥሩም ለብቻው ምንም አያረጋግጥም። በፕሮግራመሮች ዘንድ የተለመደው ባለ ሦስት ቁጥር አሰያየም የራሱ ትርጉም አለው፤ የመጨረሻው ቁጥር የባግ እርማት ነው፣ የመሀሉ አዲስ ፊቸር (ሶፍትዌሩ የሚሠራው አዲስ ነገር) ነው፣ የመጀመሪያው ደግሞ ከድሮው ጋር የማይጣጣም ለውጥ ነው። ይህ የእኛ የውስጥ ቋንቋ ነው። ደንበኛው «ከ1 ወደ 2 ስለሄደ ክፈል» ቢባል ትክክል ነው ብሎ አይቀበልም፤ አይፈረድበትም።

በመሀል ደግሞ የማንም ጥፋት ያልሆነ ነገር ይመጣል። አፕል በ2017 በአይፎኑ ሲስተም አይኦኤስ 11 ላይ፣ በ2019 ደግሞ ማክ ኦኤስ ካታሊና ላይ ባለ 32 ቢት (በድሮው ስልት የተሠሩ) አፖችን ማስኬድ አቆመ። ደህና ይሠሩ የነበሩ ብዙ ፕሮግራሞች አፕዴት በተደረገ ማግስት አልከፈት አሉ። ዲቨሎፐሩ አላበላሸውም፣ ደንበኛውም አላበላሸውም። ማን ይክፈል? እኔ የምለው ይህ ነው። ለውጡ ትንሽ ከሆነና በጥቂት ቀን የሚያልቅ ከሆነ በነጻ ሥራው፤ የንግዱ ወጪ ነው። ወራት የሚፈጅ ከሆነ ወደሚከፈልበት ቨርዥን አስገባው። ግን ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የገዛን ሰው በዚህ ምክንያት አታስከፍል። ለወደፊቱ ደግሞ በሽያጭ ገጽህ ላይ ሶፍትዌሩ በየትኛው ሲስተም እንደሚሠራ በቁጥር ጻፍ። «በዊንዶውስ ይሠራል» ብቻ ብለህ ከተውከው ገና ላልወጣ ዊንዶውስም ቃል ገብተሃል ማለት ነው።

የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ግን ክርክር የለም። በታኅሣሥ 2021 ሎግ ፎር ጄ በተባለው የጃቫ ላይብረሪ (ፕሮግራመሮች በሶፍትዌራቸው ውስጥ የሚያስገቡት ዝግጁ ኮድ) ውስጥ የተገኘው ቀዳዳ ዓለምን ያመሰው ብዙዎች ራሳቸው ሳያውቁት በሶፍትዌራቸው ውስጥ ስለነበረ ነው። አንተም የሌላ ሰው ላይብረሪ መጠቀምህ አይቀርም። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲመጣ ፓቹን (ማረሚያውን) ለቨርዥን 1ም፣ ለቨርዥን 2ም፣ ለከፈለውም ላልከፈለውም እኩል ትልካለህ።

ወደ ዋጋው። የመጀመሪያውን ዋጋ 100 ብንለው፣ የአፕግሬዱ ከ40 እስከ 60 ባለው ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው። ግማሽ ዋጋ ለማስረዳትም ይቀላል። ከዚያ በላይ ከወጣ ደንበኛው «በዚህ ዋጋማ ሌላ ሶፍትዌር ልይ» ይላል። በጣም ከወረደ ደግሞ ሥራውን ራስህ አረከስከው፤ ለሚቀጥለውም መነሻ ሆነብህ። በግማሽ ዋጋ ከ360ዎቹ ግማሾቹ እንኳ ቢገዙ፣ 90 አዲስ ደንበኛ እንደማግኘት ነው። (360 ያልኩት 40ዎቹን ቀንሼ ነው፤ ወደ እነሱ እመጣለሁ።)

በቅርቡ የገዛን ሰው በጣም ተጠንቀቅ። ባለፈው ወር ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ዛሬ እንደገና ክፈል የሚባል ሰው የሚናገረውን መገመት አያቅትህም፤ እውነትም አለው። ቨርዥን 2 ሲወጣ ባለፉት 90 ቀናት የገዛ ሁሉ በነጻ ያግኘው። ሳይጠይቅ ይሰጠው። ከላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) መዝገብህ ላይ በግዢ ቀን ለይተህ የሶፍትዌሩን መክፈቻ ቁልፍ ቀድመህ ላክለት። ለምኖ ያገኘው ሰውና ሳይጠይቅ የደረሰው ሰው ስለ አንተ የሚያወሩት አንድ አይደለም። አራት ዓመት ሙሉ አፕዴት በነጻ ሲወስድ የኖረው ደግሞ የከፈለው ገንዘብ በደንብ አገልግሎታል።

በአፕ ስቶር በኩል የምትሸጥ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። አፕል አፕ ስቶርን በ2008 ሲከፍት ለድሮ ደንበኛ የአፕግሬድ ዋጋ ማስከፈያ መንገድ አላዘጋጀም። ስለዚህ ብዙዎች አዲሱን ቨርዥን እንደ ሌላ አፕ አድርገው ለመሸጥ ተገደዱ፤ ሌሎች ወደ ሰብስክሪፕሽን (በየወሩ ወይም በየዓመቱ ማስከፈል) ሄዱ። በ2016 አፕል ሰብስክሪፕሽንን ለሁሉም ዓይነት አፖች ሲፈቅድ ደግሞ ጎርፉ መጣ። አንተ ግን በቀጥታ ለድርጅቶች ነው የምትሸጠው፤ ነጻነቱ አለህ፣ ተጠቀምበት።

«ታዲያ ለምን በየወሩ አላስከፍልም?» ትለኝ ይሆናል። ዛሬ ሁሉም የሚመክረው እሱን ነው። ሰርቨር ላይ የሚሠራ ነገር ከሆነ በየወሩ ማስከፈል ፍትሐዊ ነው፤ አንተም በየወሩ ትከፍላለህና። በደንበኛው ኮምፒውተር ላይ ለሚሠራ፣ አንዴ ተብሎ ለተሸጠ ሶፍትዌር ግን በድንገት መቀየሩን አልመክርም። ፎቶሾፕን የሚሠራው አዶቤ በ2013 ከአሁን በኋላ በሰብስክሪፕሽን ብቻ ሲል ተጠቃሚው ተንጫጫ፣ ኩባንያው ግን አልተመለሰም፤ ተወዳዳሪ የሌለው ያህል ግዙፍ ስለነበር ቻለው። የፕሮግራመሮች መሥሪያ ሶፍትዌር የሚሸጠው ጄትብሬንስ በ2015 ተመሳሳይ ነገር ሲያስተዋውቅ ፕሮግራመሮች ክፉኛ ተቆጡ። እሱ ግን ሰማ። በሳምንታት ውስጥ ዕቅዱን አሻሽሎ፣ 12 ወር ያለማቋረጥ የከፈለ ሰው መክፈል ቢያቆምም አንድ ቨርዥን ለዘለቄታው በእጁ እንዲቀር አደረገ። ያስቆጣቸው ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። «የገዛሁት ነገር ክፍያ ሳቆም ይዘጋብኛል» የሚለው ነው ያንገበገባቸው።

ለትንሽ ዲቨሎፐር የሚስማማው መካከለኛው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰብላይም ቴክስት የተባለው የኮድ መጻፊያ በ2021 ቨርዥን 4 ሲወጣ፣ ላይሰንሱ የሦስት ዓመት አፕዴት እንዲይዝ አደረገ። ሦስት ዓመቱ ሲያልቅ እስከዚያ የወጣው ቨርዥን መሥራቱን ይቀጥላል፤ አዲስ የፈለገ እንደገና ይከፍላል። ሪፐር የተባለው የድምፅ መቅረጫ ደግሞ አንድ ላይሰንስ የተገዛበትን ቨርዥንና ቀጣዩን ትልቅ ቨርዥን ይሸፍናል። ሁለቱም ገዢው ከመግዛቱ በፊት እስከ መቼ እንደተሸፈነ እንዲያውቅ ያደርጋሉ። የጊዜ ገደቡ ለአንተም ሌላ ጥቅም አለው። ትልቅ ቨርዥን ብቻ የሚሸጥ ሰው ጥሩ ጥሩውን ፊቸር ለሽያጭ ቀን ደብቆ ያስቀምጣል፣ ደንበኛውም እሱን እየጠበቀ መግዛቱን ያዘገያል። አፕዴቱ በጊዜ ከተሸጠ ግን የደረሰውን ወዲያው ትለቃለህ። ከዛሬ ጀምሮ ለምትሸጠው «የሁለት ዓመት አፕዴት፣ ሶፍትዌሩ ግን ለሁልጊዜ ያንተ» ብለህ ጀምር።

ማስከፈል የሌለብህ ጊዜም አለ። 30 ደንበኛ ብቻ ቢኖርህ ኖሮ «ሁሉንም በነጻ ወደ 2 ውሰዳቸው» እልህ ነበር። ከእነሱ ከሚገኘው ሳንቲም ይልቅ ሁለት ቨርዥን ጎን ለጎን የመጠገን ጣጣው ይበልጣል። ኤፍኤል ስቱዲዮ የተባለው የሙዚቃ ሶፍትዌርም ለገዢዎቹ የዕድሜ ልክ አፕዴት በነጻ እየሰጠ ለዓመታት ዘልቋል። ግን ከፍ ያሉ እትሞችንና ተጨማሪ ፕለጊኖችን (በሶፍትዌሩ ላይ የሚቀጠሉ ትንንሽ ፕሮግራሞችን) ይሸጣል፣ አዳዲስ ሙዚቀኞችም በየጊዜው ይመጡለታል። የመጋዘን ሶፍትዌር ገበያ እንደዚያ አይደለም።

አሁን ወደ 40ዎቹ። ቃል ዕዳ ነው። «የዕድሜ ልክ አፕዴት» ካልክ ቨርዥን 2 ያንን ይጨምራል። «አፕዴት እንጂ አፕግሬድ አላልኩም» እያልክ ለመከራከር እንዳትሞክር፤ እነሱ የገባቸው ሁሉንም እንደሚያገኙ ነው፣ አንተም ስትሸጥ እንዲገባቸው የፈለግከው እሱን ነው። ማንም ሳያውቅህ ገንዘባቸውን ያወጡልህ ሰዎች ናቸው። 2ንም፣ 3ንም በነጻ ስጣቸው። ከ400 ውስጥ 40 ሰው አያከስርህም። ለአዲስ ገዢ ግን ይህን ቃል ዳግም አትግባ።

ለቀሩት የምትጽፈው መልእክት አጭር ይሁን። ይቅርታ አትጠይቅ፣ ልፋትህን አትዘርዝር። እንዲህ ያለ ይበቃል፦ «ቨርዥን 2 ወጥቷል። የባርኮድ ንባብ፣ የቅርንጫፍ ሪፖርትና በስልክ ቆጠራ ተጨምረዋል። ለእናንተ ለነባር ደንበኞች በግማሽ ዋጋ ነው። አሁን የያዛችሁት ቨርዥን 1 እንዳለ መሥራቱን ይቀጥላል፤ የስህተትና የደኅንነት እርማት ለሚቀጥሉት 24 ወራት በነጻ ይላክላችኋል። ካልፈለጋችሁ ምንም ማድረግ አይጠበቅባችሁም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳታወጣት። ሰው የሚቆጣው ሲገደድ ነው፣ ምርጫ ሲሰጠው ግን ዋጋውን ብቻ ያያል። ግማሽ ዋጋውንም «እስከ ዓርብ ብቻ» በሚል ማስፈራሪያ አታጥበው። ድርጅት በጀት አስፈቅዶ ነው የሚገዛ፤ ቢያንስ ስድስት ወር ስጠው።

ከመላክህ በፊት ግን ሁለት ነገር በራስህ ኮምፒውተር ላይ ሞክር። አንደኛ፣ የአራት ዓመት ዳታ ያለበት ትልቅ የቨርዥን 1 ፋይል ወስደህ ወደ 2 አዛውረው። ቀሪው፣ የዕቃ ኮዱ፣ ቀኑ ሁሉ አንድ በአንድ መመሳሰሉን አረጋግጥ። ከማዛወሩ በፊት ፕሮግራሙ ራሱ ባካፕ ይያዝ። ከፍሎ ዳታው የተበላሸበት ሰው ገንዘቡ ቢመለስለትም አይመለስም።

ሁለተኛ፣ 2ን ያልገዛው ደንበኛ ነገ ኮምፒውተሩ ቢቃጠልና አዲስ ቢገዛ ቨርዥን 1ን እንደገና መጫን መቻል አለበት። የቨርዥን 1 መጫኛ ፋይል ድረ ገጽህ ላይ ይቆይ። ቁልፉን የሚያረጋግጠው ሰርቨርም የ1ን ቁልፍ መቀበሉን እንዳያቆም። ሰርቨሩን ማቆየት የማትችልበት ቀን ከመጣ፣ ያለ ሰርቨር የሚከፈት የመጨረሻ የቨርዥን 1 መጫኛ አዘጋጅተህ ለሁሉም ላክላቸው።